ትውስቱ ይራዘማል ወይ?

— ሄሎ… ማን ልበል? … አቤት? … «ትሄዳለች ወይስ አትሄድም?» … እሱን እኔ በምን አፌ ልመልስልሽ ልጄ? መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ ንገሪኝ እንጂ። … ሶፊ? ከጤና ጣቢያው? የሰው ሀብቷ? … አዎ፣ የሄርሜላ አያት ነኝ፣ ትሩፋት። የኔን ቁጥር በተጠሪ አስመዝግባ ነው? … የሷን ስልክማ ትናንት ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው።

— ማን ይሆናል፣ ባሏ ነዋ! ማሞ! «ለሥራ ጂንካ ላኩኝ» ብትለው ጭንቅላቷን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጋጨው። ከጀሞ እዚህ ላፍቶ ድረስ በባዶ እግሯ መጣች። … አለች፣ ጓዳ ናት። ከንፈሯ አብጦ መናገር አቅቷታል።

— ጂንካ የሚወስዳት መኪና ተነሥቷል? … ቆይ፣ ቆይ። ሳትሄድ የምጠይቅሽ አለኝ። እስከ ስምንተኛ ተምሬአለሁ፣ ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። … ይሄ «ትውስት» የምትሉት ምንድን ነው? ሰው እንደ ወንፊት ይዋሳል እንዴ? ወንፊትም ቢሆን ተቀዶ ነው የሚመለሰው! … አትሳቂ፣ የምሬን ነው። … ስድስት ወር። … ሲያልቅ መደቧ ይጠብቃታል? ሌላ ሰው አታስገቡበትም? … እሺ። ታዲያ ከስድስት ወሩ አንድ ቀን እንዳትጨምሩብኝ! እኔ ከሷ ሌላ ሰው የለኝም።

— ደመወዟንስ ማነው የሚከፍል? እናንተ ወይስ የተዋሷት? … እናንተው። … በድሮው ሂሳቧ? … ኧረ በእመቤቴ እንዳታደርጉት! ካርዱ ያለው ማሞ ኪስ ነው፣ የሚስጥር ቁጥሩንም የሚያውቀው እሱ ነው። ልጄ አገር አቋርጣ ሄዳ ለሱ ልትቀልብ ነው? … አዲስ ሂሳብ ከፍታ ብታመለክት ትቀይሩላታላችሁ? … በርቺልኝ፣ እዚያ እንደደረሰች ትክፈት። አበሉስ? … እሱን ለብቻው እዚያ ያሉት ይሰጧታል። ጎሽ። … ሥራ ላይ ብትጎዳስ? … ታሳክማላችሁ። ደግ ነው። ቤቷ የተጎዳችውን ግን ማንም አያሳክም አይደል?

— ቆይ… የግቢው በር ነው። … በድንጋይ እየቀጠቀጠው ነው። … (ሄርሚ… መቀርቀሪያውን… እንዳትተነፍሺ።) … ሶፊ፣ ትሰሚኛለሽ? እንዳትዘጊ። … ቆርቆሮውን ገነጠለው። ገባ።

— ማሞ! ምንድን ነው የያዝከው? ፌሮውን ጣል! … እኔ የት አውቅልሃለሁ? የሚስትህ ዘበኛ ነኝ? … ቴሌቪዥኑ ምን አደረገህ?! … ሶፊ፣ አለሁ፣ አለሁ። ሰባበረው። አሁን ብፌውን… ወይኔ ብርጭቆዎቼ! … ምን? አንተ ሰውዬ፣ በአያትህ ዕድሜ ያለሁትን ትገፋለህ? … ወይ ክንዴ! … ወይ ክንዴን!

— ምኑን ልክፈት? ጓዳ ውስጥ ከሽንኩርት በቀር ምን አለ? … ተው ማሞ! በሩን ተው! … ሳንቃው ተሰነጠቀ፣ ሶፊ! …

— ምን አልሽኝ? … ጮክ በይ! … ሄርሜላ መኪናው ውስጥ ናት? … የት? … ሀና ማርያም፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ? … ኧረ ቶሎ ይሂዱ በያቸው፣ ባሏ እዚህ ቆሞ… ወይ አፌን በቆረጠው!

— … ወጣ። እየተራገመ ወጣ። … በመስኮት እያየሁት ነው፣ ፌሮውን እንደያዘ ባጃጅ ያዘ። … ሶፊ? … አይ ልጄ፣ ጆሮዬም አእምሮዬም ደህና ነው። አንቺ ምንም አላልሽም፣ ያልኩት እኔው ነኝ። በእመቤቴ ደጅ ዋሸሁ፤ እሷው ትማረኝ። አሁን መኪናው የት ደርሷል? … ኮንዶሚኒየሙ ጋ? ይኸው እኮ፣ ከዚህ ቅርብ ነው! እዚያው ይቁም። ሲወጣ በጀሞ ይውጣ፣ በሀና ማርያም እንዳያልፍ። አደራ!

— ሄርሚ፣ ውጪ። ሄዷል። … ብርጭቆውን እንዳትረግጪ! ጫማዬን አድርጊ፣ አልጋው ሥር አለ። … ሶፊ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ስድስት ወሩ ሲሞላ… ትውስቱ ይራዘማል ወይ? … እሷ ከጠየቀች፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶችም ከተስማሙ። … አዎ፣ ቅድም አንድ ቀን አትጨምሩ ያልኩት እኔው ነኝ። ተይው እሱን። ደግሞ ሲሞላ አራዝሙላት። የተዋሷት ይያዟት፣ መልሱልኝ አልልም።

— ሄርሚዬ፣ ሶፊ ናት፣ መሄዱን እሺ በያት። … ራሷን ነቀነቀች ሶፊ፣ እሺ ማለቷ ነው። … ሄርሚ? … ሄርሚ፣ እኔንስ አትሰናበቺኝም? …

— … ወጣች። ዞርም አላለች። … አይ፣ አልከፋኝም። … ሾፌሩ እንዲለያት ንገሪው፤ ቡናማ የአሮጊት ጫማ ናት ያደረገችው፣ ይሰፋታል፣ እየጎተተች ነው የምትመጣው። … መኪናው ውስጥ ስትገባ ደውይልኝ። … በይ አንቺ ዝጊው ልጄ፣ እኔ ብርጭቆውን ልልቀም።