ዲጋ የተቀበረችው ሰልጣኝ

እዚህ ነቀምቴ በምሠራበት የቴክኒክ ኮሌጅ፣ የሰልጣኞቻችንን መዝገብ ከክልሉ የተማሪዎች መረጃ ጋር ሳገናኝ አንድ ስም ኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ወጣብኝ። ቻልቱ ትባላለች፤ ብየዳ የምትሰለጥን ልጅ ናት። ከስሟ ሥር «ትምህርት ያቋረጠችበት ምክንያት፦ ሞት» ይላል። ተሳስተው ነው ብዬ ዲጋ ከተማ፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት ደወልኩ። ርዕሰ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስህተት የለውም፤ እኔ ራሴ ቀብሯ ላይ ነበርኩ» አለኝ።

ቀና ስል ቻልቱ መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ የምዘና መግቢያ ወረቀቷን ልትወስድ መጥታ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ እንደ እናት እየጠራችኝ፣ «አዴ፣ ቻልቱ ታላቅ እህቴ ናት» አለች ቀስ ብላ። «አሥረኛን ጨርሳ ሞተችብን። እኔ ከሰባተኛ አቋርጬ ነበር፤ አባቴ በእሷ ወረቀት እዚህ ኮሌጅ አስገባኝ። የእኔ ስም ሌንሴ ነው።»

የሙት መንፈስ አለመሆኗን ሳውቅ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ባሰብኝ። ዝም ብል እንጀራዬን ማጣቴ ነው። ብናገር ደግሞ የልጅቷ የሁለት ዓመት ሥልጠና ገደል ገባ። እሷ መስኮቱን ሳትለቅ፣ «ታዲያ አዴ፣ አሁን የሚሰርዙት የትኛችንን ነው?» አለችኝ።