ሁለቱ ሱፐርማርኬቶች ሊዋሃዱ ሲሉ

ዝናብ ቢያባርረኝ ከትልቁ ሱፐርማርኬት ጓሮ፣ ከዕቃ መረከቢያው ጣራ ሥር ተጠለልኩ። እዚያም የድሮ ጎረቤቴን፣ ቲማቲም አምራቹን ሽማግሌ፣ ከሣጥኖቻቸው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። በዚያው መደብር ገንዘብ ተቀባይ የሆነችው የወንድማቸው ልጅ ወረቀት ይዛ ትለምናቸዋለች።

“አጎቴ፣ ይፈርሙ። ይህ መደብርና ከማዶ ያለው ተፎካካሪው ሊዋሃዱ ነው። እኛ ሠራተኞቹ እየተቃወምን ነው።”

“ልጄ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?”

“ድሩ እነሱ ናቸው። የሚታሰረውስ ማን ይመስልዎታል?”

“እኔ ነኛ አንበሳው! ወገቤን ይዤ የምነሳው!” ብለው ሳቁ።

እኔ ግን አፈርኩ። የተማርኩ ነኝ ባይ ሆኜ ወሬውን በጋዜጣ አንብቤ ገጹን ከመግለጥ በቀር ያደረግሁት አልነበረም።

“ዛሬ እዚህ ቢመልሱዎት ከማዶ ይሄዳሉ፤ ነገ የማንን በር ያንኳኳሉ?” አለቻቸው የወንድማቸው ልጅ።

“እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም።”

ይህን ሲሉ ተረካቢው ወጣ። አንዱን ቲማቲም በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ “ትንንሽ ነው፤ መልሱት” አለና ገባ። ሽማግሌው ሳያጉረመርሙ ሣጥኖቹን መኪናቸው ላይ አስጭነው መንገዱን ተሻገሩ፤ እኛም ተከተልናቸው።

የማዶው ተረካቢ ሸራውን እንኳ አልገለጠም። “ከወዲያ የተመለሰ አይደል? ተደውሎልናል።”

“ገና ሳትዋሃዱ?” አልኩት።

“አለቆቹ ተስማምተዋል እኮ፤ የቀረው ወረቀቱ ነው።”

ሽማግሌው መኪናው ጥግ ቁጭ አሉ። ከዚያም የወንድማቸውን ልጅ “እስክሪብቶውን አምጪው” አሏት። ፈርመውም “ይህ ያስቆመዋል?” ብለው ጠየቁ።

“አልዋሽዎትም አጎቴ፣ አይመስለኝም። ግን አምራቾቹ ማኅበር ብታቋቁሙ ቢያንስ መስፈርቱን አስቀድመው እንዲነግሯችሁ፣ የመለሱበትንም ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ትጠይቃላችሁ። አንዱ ላይ በር ሲዘጋ ሁሉም ማቅረብ ያቆማል። ለየብቻ ከሆናችሁ ግን እንዲህ እንደ ዛሬው ነው።”

“ይህን የሚነግረኝ ሰው ልጣ?”

“አባቴ ነግሮዎት ነበር።”

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ወንድማቸው ማኅበር እናቋቁም እያለ በየቤቱ ሲዞር “ሥራ ፈት” ብለው የሳቁበት እሳቸው ነበሩ። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

“ወረቀት ጨምሪልኝ። ጎረቤቶቼ ለቅመው ሳይጭኑ ልድረስባቸው” አሉ በመጨረሻ።

እኔም ከስማቸው ሥር ፈረምኩ። ቀና ስል፣ የጎረቤቶቻቸው ሦስት መኪኖች ሣጥን ሞልተው ወደ በሩ እየታጠፉ ነበር።