ሱሪው እስኪያጥር ድረስ

እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ጥሩአለም? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? መስከረም ሊጠባ ነው ይላሉ፤ እዚህ እስራኤል የሀደራ ፀሐይ ግን ወሬውን አልሰማችም። አይነሱ፣ አይነሱ! የኔ ነገር አያስቸኩልም፤ የጃኬቴ ዚፕ ተበላሽቶ ነው። የያዙትን ሱሪ ያሳጥሩ። ባለቤቱ ከመጋረጃው ኋላ ነው? እህ… ጫማው ከስር ይታየኛል። እንዴት ያለ ጫማ ነው! እንዲህ የሚያብለጨልጭ ጫማ ያለው ሰው መስተዋት አያስፈልገውም… ራሱን ማየት ከፈለገ ማለቴ ነው።

ያለ ሱሪ የትም አይሄድምና ተረጋግተው ይስፉ፤ እኔም ላጫውትዎ።

ጨዋታው ስለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስሙ ምን ያደርግልዎታል? እዚሁ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር አብረን ነው ያደግነው። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ሞተር ላይ ወጣሁ፤ ጋቢ ከሚባል ሰው ምግብ ቤት ምግብ አመላልሳለሁ። እሱ ተማረ፣ ቢሮ ገባ። ቢሮ! ባለፈው የሕንጻችን ደረጃ ላይ ሰብስቦን የሥራ አለባበስ አስተማረን። «ቢዝነስ ካዥዋል ይባላል፤ ያልበዛ፣ ያላነሰ። ከረባት ይበዛል፣ ቲሸርት ያንሳል» አለን። አቤት እውቀት! እኛ እኮ እስከ ዛሬ ልብስ ገላ ብቻ የሚሸፍን ይመስለን ነበር… ለካ ሌላም የሚሸፍነው አለ።

ደግሞ ያምርበታል! ያን ሰሞን ምግብ ሳደርስ ቢሮው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ። አንዲት ሴትዮ መጣችና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችው። ሾሜር መስሏት… ዘበኛ! ታዲያ ተቆጣ? ምን በወጣው! ጎንበስ ብሎ አየላትና «ይለፉ» አላት። ትሕትና ይሏል ይሄ ነው… ለማያውቁት ሰው።

እኔ የምለው፣ ያ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሱፍ የአባ አይቸው አይደለም? አወቅሁት! ልጃቸው ሲመረቅ የለበሱት። ያለ ባርኔጣና ያለ ከረባት ሐኪም ቤት እንኳ የማይሄዱ ሰው! ለዛሬ አስተኩሰውት ምነው ሳይወስዱት ቀሩ? አሃ… ለካ ጠዋት ከሕንጻው ሥር አግዳሚው ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ጢማቸውን ተላጭተዋል። «የልጄ መሥሪያ ቤት የበዓል ግብዣ ቀረ» አሉኝ። «ምን ይደረግ፣ ልጁ ራሱ አዝኖ ነው የነገረኝ» ይላሉ ደግሞ። አንጀቴን በሉት።

የዚያ የሰፈራችን ልጅ ቢሮ ግብዣ ግን አልቀረም። ዛሬ ማታ ነው፤ ምግቡን የማደርሰውም እኔው ነኝ። ጸሐፊዋ ሪናት ደውላ «የሠራተኞቹ ወላጆች ሁሉ ይመጣሉ፤ ለሽማግሌዎቹ ለስለስ ያለ ነገር ጨምሩ» አለችን። የሷ አባት አምና በቁምጣና በነጠላ ጫማ መጥተው፣ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሁሉም እየሳማቸው ሲስተናገዱ አመሹ። ቁምጣ አላነሰም፣ ሱፍ ግን በዛ! እኔ መሃይሙ ልኩን ከየት አውቄ?

መቼም ሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ይሆናሉ… አይመስልዎትም?

አባ አይቸው እኮ ልጃቸው ሥራ የገባ ዕለት ሸሚዙን ራሳቸው ነበር የተኮሱለት፤ ውሃ በአፋቸው እፍ እያሉበት። የአባት ምርቃት ከካባ ይበልጣል ይሉ ነበር የጎንደር ሰዎች። ድሮ ነው! ምርቃት አይተኮስ፣ አይታጠፍ፣ ቢሮ ምን ተብሎ ይዘውት ይገባል? ዛፍም ያለ ሥሩ አይቆምም ሲባል ሰምተን ነበር፤ ሸሚዝ በሚያደርቀው ስታርች ግን ይዩት፣ ቀጥ!

ኧረ እነዚያ ጫማዎች ምነው ተቁነጠነጡ? ሱሪው ደረሰ? ይስጡት፣ ይስጡት፣ ምስኪን! ሱፉን ግን እዚያው ሚስማሩ ላይ ይተዉት። ገና አልመሸም፤ ማን ያውቃል፣ የሚወስድላቸው ሰው ይገኝ ይሆናል…

እኔማ ለዚያ ልጅ ክፉ አልመኝም። አሜን ይበሉልኝ፣ እትዬ። ይደግ፣ ይመንደግ፣ የሱሪው መስመር አይዛነፍበት! እግዚአብሔር ወንድ ልጅ ይስጠው፤ መልኩ እሱን፣ አለባበሱ እሱን፣ ጠባዩም ቁርጥ እሱን የመሰለ። እሱም በተራው ሸምግሎ፣ ሱፉን አስተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ… አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ልጁን ለመጠበቅ ያብቃው።