አምሳህ

ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ አሮጌ ታብሌት ታቅፋ ታለቅሳለች።

«ምነው እህቴ፣ አልከፍት አለሽ?»

«ኧረ ከፍቷል። ዊንዶውሱ እየተንቀራፈፈ ሲያስመርረኝ አንድ ባለሱቅ እሱን አውጥቶ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነልኝ። አሁንማ ይከንፋል።»

«ታዲያ?»

«ባዶ ነው! የሟች አባቴ ድምፅ የለ፣ የልጄ ክርስትና የለ።»

«ኧረ በማርያም! ሳይጠይቅሽ አጠፋው?»

«እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ለብሼ ስላየኝ በአረብኛ ‹አምሳህ?› አለኝ። ባትሪው አምሳ ደርሷል ያለኝ መስሎኝ ‹አይዋ› ብዬ አዎ አልኩት።»

«ወይኔ! ‹ላጥፋው?› ማለቱ እኮ ነው!»

«ምናለ በአማርኛ ቢጠይቀኝ?»

«ሱዳኒ አማርኛ ከየት ያምጣ?»

ሊኑክሱን የጫንኩላት እኔ የጎንደሩ ሰው፣ ከኋላቸው እንደተቀመጥኩ ጥምጣሜን ወደ ዓይኔ ዝቅ አደረግሁ።