የመምህር ሕዝቅኤል ቢሮ አደራ

መቀሌ ውስጥ ተማሪው ከዓመት ዓመት እየበዛ ሕንፃው ግን ባለበት የቀረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። በዚያ ግቢ የክፍሎቹን ቁልፍ የሚይዙት አቶ ገብረሃንስ ናቸው፤ ትንሹም ትልቁም አቦይ ገብረሃንስ ይላቸዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ባለቤቶቻቸው ርቀው የሄዱባቸውን ሰባት የተዘጉ ቢሮዎች እጀታ በጨርቅ ይወለውላሉ። በሮቹን ግን አይከፍቱም። ባለቤቱ በሌለበት ቤት መግባት ነውር ነው ብለው ያደጉ ሰው ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ጨርቃቸውን ይዘው ሲወጡ ደረጃው ላይ መተላለፊያ አጡ። መምህርት ትምኒት ቢሮ የላትምና ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ሦስት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከበዋታል። ከእነሱ ከፍ ብላ አንዲት ወጣት በሮቹን እያየች ትጽፋለች። ሥርጉት ትባላለች፤ ክፍሎችን እንድታደላድል ተቀጥራ ከሐዋሳ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው።

«ከመይ ሓዲርኪ ጓለይ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፤ በር ትቆጥሪያለሽ እንዴ?» አሏት።

«እግዚአብሔር ይመስገን አቦይ። የምቆጥረው ሰዓት ነው።»

ነገሩን አስረዳቻቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየሰዓቱ ሕንፃውን እየዞረች የትኛው ክፍል ሰው እንዳለበት፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ መዝግባለች። ጠዋት ሁሉም ይጋፋል፤ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ክፍል ባዶውን ይውላል። መቶ ሰው የሚይዘው አዳራሽ «የኛ ነው» ከሚለው የትምህርት ክፍል ሃያ ሰው ብቻ ይማርበታል፤ ዘጠና ተማሪ ደግሞ በጠባብ ክፍል መስኮቱ ደፍ ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ይጽፋል። አቦይ ሃያ ስድስት ዓመት ሕንፃውን ሲዞሩ በሩንና ቁልፉን እንጂ ሰዓቱን አይተውት አያውቁም። በእግሯ ዞራ፣ በዓይኗ አይታ የምትናገር ልጅ ደስ አለቻቸው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ቢሮ ቁጥር አስራ ሁለትን ይክፈቱልኝ አለቻቸው፤ ለትምኒትና ለሁለት ባልደረቦቿ።

«ጓለይ፣ ይህን አትጠይቂኝ» አሉ። «የመምህር ሕዝቅኤል ነው። ጊዜው ሲከፋ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ቁልፉን በእጄ አስጨብጠው አደራ አሉኝ። በስተርጅና አደራ በላ ልሁን?»

«አይሁኑ። ግን አደራ ያሉዎት ምኑን ነው? ግድግዳውን ነው ወይስ መጻሕፍታቸውን?»

አቦይ ይህን ለይተው አስበውት አያውቁም።

«ደውለው ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«በየበዓሉ እንደዋወላለን። ስለ ቢሮው ባነሳ ግን ‹ከእንግዲህ አይመጡም፣ ይልቀቁ› ያልኳቸው አይመስልም? በስደት ያለን ሰው ስለ ቤቱ አይጠይቁትም።»

«ይሉኝታው የእርስዎ ነው አቦይ፤ ደረጃ ላይ የምትቀመጠው ግን ትምኒት ናት።»

ይህች ቃል ወጋቻቸው። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። ድሮ ተማሪ መምህሩን የት እንደሚያገኘው ያውቅ እንደነበር፣ አሁን ግን ክፍሉ በኮምፒውተር እየተደለደለ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እየተባለ ሰው በገዛ ግቢው መንገደኛ እንደሆነ ዘርዝረው ነገሯት። «የሁሉም የሆነ ቤት የማንም አይደለም» አሉ። «የማንም ያልሆነ ቤት ደግሞ ጠራጊ የለውም።»

ሥርጉት ቃላቸውን ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። «እውነትዎን ነው፤ ይህን እኔ ዘንግቼዋለሁ። ክፍሉ ለሰዓቱ የተመደበለት ይጠቀምበት፤ ለጽዳቱና ለዕቃው ግን የአንድ ሰው ስም በሩ ላይ ይለጠፍ።»

ሽማግሌው በዚህ ተደነቁ። ተምሮ የሚከራከር ብዙ አይተዋል፤ እየተከራከረ የሚማር ግን እምብዛም አላጋጠማቸውም።

«እንግዲህ ቢሮውን ለማስለቀቅ ብለው አይክፈቱልኝ» አለች ቀስ ብላ። «አደራው ደኅና መሆኑን ብቻ እንይ።»

ከፈቱ። የመስኮቱ መስተዋት ተሰንጥቆ የስንቱ ክረምት ዝናብ ገብቶ ኖሯል። የታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍት እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ምስጥም ጀምሯቸዋል። አቦይ አንዱን ሊያነሱ ቢሞክሩ ሽፋኑ ብቻ እጃቸው ላይ ቀረ።

«እኔ ከውጭ እጀታ ስወለውል» አሉና መጨረስ አቃታቸው። ትምኒት ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

አቦይ ስልካቸውን አወጡና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ለመምህር ሕዝቅኤል ደወሉ። ያዩትን አንድም ሳይደብቁ ተናዘዙ። መምህር ሕዝቅኤል እስኪጨርሱ ሰምተው መለሱ።

«አቦይ ገብረሃንስ፣ እኔ እኮ ቢሮው ለሌላ ከተሰጠ የቆየ መስሎኝ ነበር። መጻሕፍቴ የት ደረሱ ብዬ እንዳልጠይቅዎት እርስዎን የተጠራጠርኩ እንዳይመስል ፈራሁ።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ምን ስናወራ ኖርን?»

«ስለ ጉልበትዎ ሕመም ነዋ።»

መጀመሪያ ትምኒት ሳቀች፤ ከዚያ ተማሪዎቹ፤ በመጨረሻም አቦይ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ ሳቁ። መምህር ሕዝቅኤል የተረፉትን መጻሕፍት ተማሪዎቹ እንዲያነቧቸው፣ ቢሮውም ለሚሠራበት ሰው እንዲሰጥ ተናገሩ።

ወገኖቼ፣ ሁለት ደጋግ ሰዎች ሲከባበሩ ቤት ፈረሰ ማለት ይህ አይደል? ክፋት የለበትም፤ ጥፋት ግን አለበት።

በዚያው ሳምንት ሦስት ጠረጴዛ ገባ። ትምኒትና ባልደረቦቿ ሰዓት ተከፋፍለው ይቀመጡበታል፤ በሩ ላይ ሰዓታቸው ስለተጻፈ ተማሪው ሲፈልጋቸው አይንከራተትም። መስኮቱ ሲሰነጠቅም በዕለቱ የሚያይ ሰው አለ። አቦይ የቀሩትን ስድስት ቢሮዎች ባለቤቶች ራሳቸው ደወሉላቸው። አራቱ አመስግነው ለቀቁ። አንዱ ለመስከረም ስለሚመለስ ቢሮው ቆየለት። አንዱ እስካሁን ስልክ አላነሳም፤ አቦይም መደወሉን አልተዉም። ዘጠናዎቹ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ አዳራሽ ተዛውረዋል። አዲስ ሕንፃ እስኪቆም ድረስ ያለው ሕንፃ ሰፋ፤ አንድ ድንጋይ ሳይጨመርበት።

አዳራሹን ይዞት የነበረው የትምህርት ክፍል ኃላፊ አቶ ሽሻይ ግን ቅር ብሏቸው አዲስ ጓጉንቸር ገዝተው መጡ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹን እንዲዘጉላቸው አቦይን በትሕትና ለመኑ፤ አቦይ ገብረሃንስ የቆየ ወዳጃቸው ናቸውና እምቢ ይሉኛል ብለው አልጠበቁም።

አቦይ ክንዳቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ በር ወሰዷቸው። ዘጠናው ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

«ይግቡና ‹ውጡ› ይበሏቸው» አሉ፤ «እርስዎ ካሏቸው እኔ እዘጋለሁ።»

አቶ ሽሻይ ጥቂት ቆመው አዩ። ከዚያ ጓጉንቸሩን ኪሳቸው ከተቱና፣ ትምህርቱ እንዳይረበሽ በሩን ቀስ አድርገው ገጠም አደረጉት።