ወረቀቱ ይቆይ፤ ጋቢውን ግለጡ

እኔ ሚሪያም ማይክ ስይዝ አንዳች አደጋ የደረሰ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። ተረጋጉ፤ ዶክተር ዘካሪያስን ወደ ጡረታ ልንሸኝ ብቻ ነው።

ዶክተር፣ መጀመሪያ የመጡ ቀን የሴቻን ዳገት በእግርዎ ወጥተው፣ በላብ ርሰው፣ እያለከለኩ የክፍሌ በር ላይ ቆሙ። እኔም የልብ ምርመራ ክፍል ሠራተኛ አይደለሁ? ምንም ሳልጠይቅ አስተኝቼ ገመዶቹን ለጠፍኩብዎ።  የልብ ምትዎ የተሳለበት ወረቀት ሲወጣ ከእጄ ወስደው አነበቡና፣ «ደህና ነኝ። አዲሱ ሐኪም እኔ ነኝ፤ ሥራ ልጀምር?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በሽተኛ በመጣ ቁጥር «ወረቀቱ ይቆይ፤ ጋቢውን ግለጡ» ሲሉ ያልሰማ እዚህ የለም። ሲስተር ዕድላዊት «እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንዳይገልጡባቸው ከዶክተር ርቀው ነው የሚቀመጡት» ትላለች። ውሸት ነው፣ ዕድላዊት?

ጋሽ ባፈና፣ የጨንቻው ሸማኔ፣ እዚያ ተቀምጠዋል። ሥራ ላይ ወድቀው የመጡ ዕለት ወጣቱ ሐኪማችን ዶክተር ነህምያ ወረቀቱን ይዞ፣ «የልብ ደም ስር ተዘግቷል!» እያለ ሮጠ። እርስዎ ግን ጋቢውን ገለጡ። ከአንገት አጥንታቸው ሥር ጉብ ያለ ነገር አለ።

«ጋሼ፣ የልብ ባትሪ እንዳለዎት ለምን አልነገሩንም?»

«አዲስ አበባ ከገጠሙልኝ ቆየ፤ ረሳሁት!»

ከዚያ ወረቀቱን ዘረጉልን። «ይቺ ቀጭን ቀጥ ያለች መስመር ባትሪው ልብን ‹ምቺ› ብሎ ሲጣራ ነው። ከኋላዋ ሰፊ ምት ከመጣ ልብ ‹አቤት› ብላለች። ባትሪ ያለው ሰው ምቱ ሰፊ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። እዚህ ጋ ግን ተጣራ፤ መልስ የለም። የሚያስፈራው ይሄ ነው።» ያኔውኑ ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው። ከቦታው የሸሸው የባትሪው ሽቦ ተስተካከለ። ዛሬ የደረብንልዎን ጋቢ የሸመኑት እሳቸው ናቸው።

ለራሴም ላመስግን። የጣሉትን ቁራጭ ወረቀት ከቅርጫት እያነሳሁ ስመለከት አዩኝ፤ አልሳቁብኝም። ከዚያ በኋላ ጀርባው ላይ ትርጉሙን በአማርኛ እየጻፉ ይሰጡኝ ጀመር። የማውቀውን ያወቅሁት ከዚያ ነው።

እውነት ለመናገር ይህን ቀን ፈርቼው ነበር። ነገ ወረቀት ይዘን ወደ ማን እንሮጣለን? ባለፈው ሳምንት ግን ከምዕራብ ዓባያ አንዲት እናት መጡ። ወረቀቱን ስዘረጋ ነህምያ ቀና ብሎ ሳያየው፣ «ይቆይ፤ ነጠላውን ግለጪልኝ» አለ። እርስዎ በር ላይ ነበሩ። ፈገግ ብለው ተመለሱ። ፍርሃቴ ያኔ ለቀቀኝ።

በሉ ለስላሳችሁን አንሱ! ዶክተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጅ ያሳድጉ፤ ሙዝዎን ይትከሉ። ስንደውል ግን ያንሱ። እስቲ አሁኑኑ እንሞክረው፤ ሁላችሁም ከእኔ ጋር፦

ዶክተር ዘካሪያስ!

…ተመስገን። «አቤት» አሉ።