ከምዕራብ ይመጣል ያሉት ዝናብ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የደላንታ ወገኖቼ፣ ከደሴና ከአዲስ አበባ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፤ የአቶ ይርዳው ምስጋናውን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ እኔ የታናሽ ወንድማቸው የደምሌ ልጅ ስንዱ ነኝ። አንዳንድ ዘመዶቻችን የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስትን ክረምት እንድዘለው ለምነውኝ ነበር። ነገር ግን በዚህ ቅጥር ውስጥ ለእርሳቸው ከልብ ማልቀስ የተሳናችሁ እንዳላችሁ፣ ምክንያታችሁንም ስለማውቅ፣ አልዘለውም።

አቶ ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ምስጋናው ወርቄና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ እንግዳ በ1938 ዓ.ም. በዚሁ በደላንታ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ በረዶ የደረሰ ገብስ ሲያወድም አይተው ይህ ሁሉ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቁ፣ አባታቸው «ከሰማይ ነዋ! ከየት ሊመጣ ኖሯል? ሂድ ከብቱን መልስ!» ብለው እንዳባረሯቸው ሲናገሩ ይስቁ ነበር። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በወገልጤናና በደሴ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ በአየር ሁኔታ ሥራ ተቀጥረው፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ናይሮቢ ተልከው በማዕረግ ተመለሱ።

ከዚያም የነፋሱን አካሄድ ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተው፣ ደጋውን የሚያጠጣው የክረምት ውኃ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ፣ ከምዕራብ የሚገባ ነው ሲሉ ጻፉ፤ አስተማሩም። እዚህ አገር ግን የበልጉ ደመና በምሥራቅ ስለሚወጣ ሰው ሁሉ ክረምቱንም በዚያው በኩል ነበር የሚጠብቀው። አባቴ ደምሌ በወንድማቸው ይቀልዱባቸው ነበር፤ «እኛ እዚህ አፍንጫችን ሥር ደመና እያየን አንተ ከኮንጎ ታስመጣልናለህ? ለመሆኑ ስንቁን ማን ቋጠረለት?» ይሏቸው ነበር። ቀልዱ ከልብ አልነበረም፤ አባቴ በታላቅ ወንድማቸው እጅግ ይኮሩ ነበር።

በሰባ ስድስት በልጉ ጭራሽ ቀረ። ጎታው ተራቁቶ በየቤቱ የቀረው በእበት ተመርጎ የታሸገው ዘር ብቻ ሆነ፤ የዘር እህል ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ልጅ እያለቀሰ እንኳ አይነካም። ሰኔ ሲገባ እያንዳንዱ አባወራ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት፤ ወይ ያንን ዘር መዝራት፣ ወይ ደፍሮ አስፈጭቶ ስንቅ አድርጎ ወደ ቆላ መሰደድ። የተማረውን ልጃችንን እንጠይቅ ተባለና አቶ ይርዳው ፈቃድ ወስደው መጡ። ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው «ነፋሱ ዞሯል፤ ውኃው መንገድ ላይ ነው። አትፍሩ፣ ዝሩ!» አሉ። ጎረቤታችን ባሻ ታረቀኝ ብቻ «እንግዲያው ልጄ፣ እሱም መንገድ ላይ ከሆነ እኔም መንገድ ልግባ፤ ከተገናኘን ሰላም እለዋለሁ» ብለው፣ ዘራቸውን አስፈጭተው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ወረዱ። ዘሩን የበላ ተብለው ተሳቀባቸው፤ የሸኛቸውም አልነበረም።

አባቴ እፍኝ ሳያስቀሩ ዘሩ። ዝናቡም በእርግጥ ከምዕራብ መጣ፤ ማሳው ለመለመ፤ እናቴ እልል ማለቷ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ቡቃያው አረረ። መሰደጃው ጊዜ አልፎ፣ ጉልበትም አልቆ፣ አባቴ፣ እናቴና ጡት ያልጣለው ወንድሜ እርዳታ በሚታደልበት መጠለያ ጣቢያ ተራ በተራ አረፉ። አቶ ይርዳውን ያመነ ቤት ሁሉ እንዲህ ሆነ። ባሻ ታረቀኝ ልጆቻቸውን ሁሉ ይዘው ተመለሱ።

አጎቴ እኔን ከዚያ ጣቢያ አውጥተው አሳደጉኝ፤ ትዳር አልያዙም፤ ልጅም አልወለዱም። በሥራቸው ግን በዚያው ጥያቄ ላይ ጸንተው ቆዩ። ከብዙ ዓመታት በኋላም ከሰሜን በቀይ ባሕር ላይ፣ ከምሥራቅም ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ደጋው የሚገባው የክረምት እርጥበት ከገመቱት እጅግ የበለጠ መሆኑን ሲደርሱበት፣ በባልደረቦቻቸው ፊት ቆመው «ቤቱ ብዙ በር ነበረው፤ እኔ ሌሎቹ መዘጋታቸውን ሳላይ አንዱን በር ይዤ ሰው አስጨረስኩ» አሉ። ያጽናኗቸው ነበሩ፤ አልተጽናኑም። ከዚያ ክረምት ወዲህ ለማንም ገበሬ ዝራ ብለው አያውቁም፤ «ጋሽ ይርዳው፣ ዘንድሮስ እንዴት ነው?» ሲሏቸው «ከየት እንደሚመጣ እንጂ እንደሚደርስ አላውቅም፤ እህልህን ከፍለህ አስቀምጥ» ነበር መልሳቸው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ከማዕድ ተነሥተው ይወጡ ነበር፤ እኔም ለምን እንደሚወጡ ስለማውቅ ምግባቸውን ከድኜ አስቀምጥ ነበር። እንጀራቸውን በላሁ፤ በእርሳቸው ድካም ተማርሁ፤ ተዳርሁ፤ እወዳቸውም ነበር። የእናቴን እልልታ ባስታወስኩ ቁጥር ግን ፊታቸውን ማየት ያስጠላኝ ነበር።

አቶ ይርዳው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሕመሙ እየጸና በመሄዱ፣ ባለፈው ዓርብ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሊያርፉ ሲሉ አስጠርተውኝ «ስንዱዬ፣ እዚያው ዝሩ ባልኩበት ቅጥር ቅበሪኝ። እንዳታሞግሺኝ። የዘሩን ነገር ሳትነግሪያቸው ነፍስ ይማር እንዳታሰኚያቸው፤ ሳያውቅ የማረኝ ሰው አልማረኝም» አሉኝ።

አቶ ይርዳው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ከእኔና ከሁለት ልጆቼ በቀር ወራሽ የላቸውም። የቀሯቸው እናንተ ናችሁ፤ ዘርታችሁ ያልሰበሰባችሁ፣ የሞቱባችሁን የትኛው ጉድጓድ እንደያዛቸው እንኳ የማታውቁ።

አሁን ሁሉን ሰምታችኋል። ማንንም በግድ ነፍስ ይማር አላሰኝም፤ አፉ እምቢ ያለው ዝም ይበል፣ አልቀየመውም። እኔ የደምሌ ልጅ ግን አባቴን፣ እናቴንና ስም ሳይወጣለት የሞተውን ወንድሜን ወክዬ፣ አስከሬናቸው ፊት ቆሜ፣ ምሬያቸዋለሁ። አምላኬ ሆይ፣ አንተም ማራቸው።